ለሦስት ወር ፈቃድ የሚሆን ፋየርዎል

ለመውለድ ሦስት ሳምንት ሲቀረኝ የምሠራበት ቤተ መጻሕፍት የኢንተርኔት ዘበኛ፣ ፋየርዎሉ፣ ገና አልተመረጠም ነበር። ሆዴ ከጠረጴዛው ጋር መገፋፋት ጀምሯል፤ እኔና ጋሼ ግን እንከራከራለን።

ጋሼ የሥራ ባልደረባዬ ናቸው። በሌሉበት «ችኮው» እንላቸዋለን፤ ባሉበትም እንላቸዋለን፣ ቅር አይላቸውም። የአንባቢው ሁሉ ኢንተርኔት የሚያልፍበትን ሰርቨር የምንጠብቀው እኔና እሳቸው ብቻ ስለሆንን፣ እኔ የወሊድ ፈቃድ ስወጣ ለብቻቸው ይቀራሉ። የምፈልገው አንድ ነገር ነበር፦ አራስ ቤት ተኝቼ «ኢንተርኔቱ ጠፋ» የሚል ስልክ እንዳይመጣብኝ። የመጀመሪያ ልጄን ስወልድ መጥቶብኛል። በአንድ እጄ ሕፃን፣ በአንድ እጄ ላፕቶፕ፤ እናቴ እስካሁን ይቅር አላለችኝም።

ሰርቨራችን የሚሠራበት ሲስተም ኮዱ ለማንም ክፍት የሆነ፣ በነፃ የሚገኝ ነው፤ ቸርነቱ በዝቶ ሦስት ፋየርዎል ይዞ ይመጣል። የሦስቱም ሥራ አንድ ነው፦ የሚገባና የሚወጣውን እያንዳንዱን ፓኬት፣ ማለትም የመረጃ ቁራጭ፣ ከሕጎች ዝርዝር ጋር እያስተያዩ ማሳለፍ ወይም መመለስ። አንዱን በመጀመሪያው ቀን ጣልነው። ከሁለቱ ጋሼ ዐሥር ዓመት የለመዱትን፣ ሕጎቹ በቁጥር የሚደረደሩበትን ይፈልጋሉ፤ እኔ ደግሞ እንደ ተራ ዓረፍተ ነገር የሚነበበውን።

«ቁጥር ምን አደረገሽ?» ይላሉ።

«ምንም፤ ግን ዛሬ የጻፍኩትን ነገ አላውቀውም።»

ማክሰኞ ጠዋት የእኔን ለሙከራ ጫንነው። ጋሼ መነጽራቸውን ጠርገው ሕጎቹን ጻፉና እንደ ልማዳቸው «ሁሉንም ዝጋ» ብለው ደመደሙ። በእሳቸው ፋየርዎል ይህ ልክ ነው፤ እዚያ የሚወስነው ፓኬቱ ቀድሞ ያገኘው ሕግ ስለሆነ፣ የተፈቀደለት ሁሉ እዚህ መስመር ሳይደርስ ያልፋል። በእኔው ግን የሚጸናው ፓኬቱ መጨረሻ ላይ ያገኘው ሕግ ነው። ማሽኑ የታዘዘውን አደረገ፤ ሁሉንም ዘጋ።

ከንባብ አዳራሹ ስልሳ ሰው ባንድ ጊዜ «ኧረ ምን ጉድ ነው!» አለ። የእኛም ስክሪን ቀጥ አለ። ሰርቨሩ ያለው ምድር ቤት ነው። ልነሳ ስል ጋሼ «ካለሽበት ንቅንቅ እንዳትዪ!» ብለው ደረጃውን እንደ ጎረምሳ ወረዱት። በስልክ እየነገርኳቸው «ሁሉንም ዝጋ» የምትለዋን መስመር ከግርጌ አንስተው ከዝርዝሩ ራስ ላይ አደረጓት፤ አዳራሹ ጸጥ አለ።

ላብ በላብ ሆነው ሲመለሱ አሳዘኑኝ። «በቃ ጋሼ፣ የእርስዎ ይሁን» አልኳቸው። «ብቻዎን የሚቀሩት እርስዎ ነዎት፤ እጅዎ የለመደው ይሻላል።» ከልቤ ነበር።

«ምን?» አሉ ተቆጥተው። «ስልሳ ሰው ፊት አዋርዶኝ ልተወው? አሁንማ እልህ ይዞኛል!»

እስካሁን ያደረቀኝ ችኮነታቸው ዞሮ ወገኔ ሆነ። እስከ ዓርብ ሲጽፉ፣ ሲያፈርሱ፣ ጮክ ብለው ሲያነቡ ሰነበቱ። የመጨረሻውን ቅጂ አንድ ፊደል ሳልነካ አጸደቅኩት።

ሴት ልጅ ወለድኩ። በሁለተኛው ቀን ሕፃኗ እንደተኛች፣ እናቴ ሾርባ ልታሞቅ ስትወጣ፣ የለመደች ጦጣ ሁልጊዜ ሽምጠጣ ነውና ስልኬን ከትራስ ሥር አውጥቼ ሰርቨሩን ልየው አልኩ። አላስገባ አለኝ። ደገምኩ፤ እምቢ። ወዲያው ደወልኩ።

«ጋሼ፣ ምን ተበላሸ?»

«ምንም። አዳራሹ ሞልቷል፤ ሁሉም እየሠራ ነው።»

«ታዲያ እኔ ለምን መግባት አቃተኝ?»

«ያንቺን መግቢያ ዘግቼዋለሁ» አሉ፤ ኩራታቸው በስልክ ይሰማል። «ፈቃድሽ እስኪያልቅ። ሕጉን የጻፍኩት ራሴ ነኝ፤ ሠራ አይደል? እንኳን በሰላም ተገላገልሽ። በይ ተኚ!»

ስስቅ ስፌቱ አመመኝ፤ ደስታው ግን በለጠ። ስልኩን ሾርባ ይዛ ለተመለሰችው እናቴ ሰጥቼ ከልጄ ጎን ተኛሁ።