ባንዲራውን የያዘችው ልጅ

ሰፈሩ ሁሉ የሚያውቃት «እትዬ ፊሽካ» በሚለው ስም ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሴት ልጆች የስካውት ቡድን ስትመራ ፊሽካዋ ከአንገቷ ወርዶ አያውቅም፤ ልጆቹማ ስትተኛም አታወልቀውም ይሉ ነበር። ስኳር ዓይኗን ከጋረደው ወዲህ ግን ከቤት አትወጣም። መስኮቱ ሥር ካለው ወንበር ላይ ተቀምጣ ሬዲዮ ታዳምጣለች፣ ስልክ ትደውላለች፣ የደወለችላቸውንም ለምን ጠፋችሁ ብላ ትቆጣለች።

ያለቻት አንድ ሴት ልጅ ናት። ልጅቷ የሳንቲም ማምረቻው ቀራጺ ናት። ሥራዋ ሳንቲም ላይ የሚወጣውን ምስል አስቀድማ በሰሃን ስፋት በጀሶ መቅረጽ ነው፤ ከዚያ ማሽኑ እያሳነሰ ብረት ላይ ያወርደዋል። በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ የቀረጸችው ወፍ፣ ድልድይ፣ የስንዴ ዛላና የሞቱ ትልልቅ ሰዎችን ጢም ነው። «ጢም ላይ የሚደርስብኝ የለም» እያለች ትቀልዳለች።

ስካውት የተጀመረበት ስድሳኛ ዓመት ሲቃረብ የመታሰቢያ ሳንቲም እንዲወጣ ተወሰነና ኮሚቴ ተቋቋመ። ቀራጺዋ ወደ መጀመሪያው ስብሰባ የገባችው እንደ ወትሮው የሚሉትን ሰምታ፣ ያሉትን ልትሠራ ነበር። የታሪክ ባለሙያው ከማህደር ያወጣውን ፎቶ ጠረጴዛው መሃል አስቀመጠ።

«የመጀመሪያው ዓመት የካምፕ ፎቶ ነው። ከዚህ የተሻለ አይገኝም» አለ።

ድንኳን ፊት የቆሙ ስምንት ልጆች ናቸው። መሃል ያለው ባርኔጣውን እስከ ቅንድቡ ደፍቶ የባንዲራውን እንጨት በሁለት እጁ ጨብጧል። ቀራጺዋ ሳታስበው ሳቋ አመለጣት። ያው ፎቶ እቤቷ፣ የእናቷ መኝታ ክፍል ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል።

«ይሄ እኮ ወንድ አይደለም» አለች። «እናቴ ናት።»

ሁሉም ዞረው አዩዋት። እሷም የምታውቀውን ነገረቻቸው። ቡድኑ ሲቋቋም የተመዘገበው የእናቷ ወንድም ነበር፤ በሁለተኛው ሳምንት ሰለቸውና ኳሱን መረጠ። የዐሥራ አራት ዓመቷ እህቱ ቁምጣውን ታጥቃ፣ ጸጉሯን ባርኔጣ ውስጥ ጠቅጥቃ ሄደች፤ ስሙ ሲጠራም «አቤት» አለች። ሰባት ወር ማንም አላወቀባትም። በዚያ ሰባት ወር ከሷ የተሻለ ገመድ የሚቋጥር፣ ከሷ ቀድሞ በእርጥብ እንጨት እሳት የሚያያይዝ አልተገኘም፤ ባንዲራውንም የሰጧት ለዚሁ ነው። በኋላ አንድ ሰው አሳበቀና የቡድኑ አለቃ በሰልፍ ፊት አቁሞ ስካርፉን ከአንገቷ ፈትቶ አባረራት።

«ጥሩ ታሪክ ነው» አለ የታሪክ ባለሙያው፤ በክፋት አልነበረም። «ግን መዝገቡ ላይ ያሉት ሃያ አራት ስሞች የወንድ ናቸው። ባንዲራ የያዘው ልጅ ስምም ከፎቶው ጀርባ ተጽፏል፤ የወንድምየው ነው። እኔ በወረቀት ነው የምሄደው።»

የስካውት ማኅበሩ ጸሐፊ፣ ሠላሳ ዓመት ያልሞላት ሴት፣ ወንበሯን ወደፊት ሳበች። «ዛሬ ከአባሎቻችን ግማሹ ሴቶች ናቸው። ወንድ ብቻ ያለበት ሳንቲም ይዤ ፊታቸው ስቆም ምን ልበላቸው?»

«ይሄማ ቀላል ነው» አለ የባንኩ ተወካይ። «ከስምንቱ አንዱን ቀሚስ እናልብሰው።»

«በወንድ ልጅ ላይ ቀሚስ ጣል አድርጎ ሴት ተወከለች ማለት አልፈልግም!» አለች ጸሐፊዋ። « እውነተኛዋ እዚህ ቆማ የለም እንዴ?»

«ካልተስማማን ሰዎቹን እናውጣና ድንኳኑን ብቻ እናድርገው» አለ የባንኩ ተወካይ።

ክርክሩ ሰዓት ፈጀ። በመጨረሻ ቀራጺዋ ሁለት ጀሶ እንድትሠራ ተነገራት፤ አንዱ ፎቶው እንዳለ፣ ሌላው የመሃሏ ልጅ ባርኔጣዋን ወደ ኋላ ገፋ አድርጋ ፊቷና ጉንጉኗ የሚታይበት። በሦስተኛው ሳምንት ይወሰናል ተባለ።

በዚያ ሦስት ሳምንት ቀራጺዋ በእድሜዋ ሠርታ የማታውቀውን ሥራ ሠራች። የእናቷን ጉንጭ በእጇ ታውቀዋለች፤ ስድሳ ዓመት ወደ ኋላ መመለስ ብቻ ነበረባት።

በሁለተኛው ስብሰባ ሁለቱ ጀሶዎች ጎን ለጎን ተቀመጡ። የልጅቷን ሁሉም ጎንበስ እያሉ አስተዋሉት። ከዚያ የታሪክ ባለሙያው ወደ ሊቀመንበሩ ዞረ። ሊቀመንበሩ የማኅበሩ ሽማግሌ ናቸው፤ የመጀመሪያው ቡድን አለቃ ልጅ፣ ፎቶው ላይ ካሉት ስምንት ልጆችም በሕይወት የቀሩት ብቸኛው ወንድ። ከባንዲራው አጠገብ የቆመው ትንሹ ልጅ እሳቸው ናቸው።

«ጋሼ፣ እርስዎ እዚያው ነበሩ። አንድ ቃል ከተናገሩ እኔ ወረቀቴን አጥፌ እቀመጣለሁ» አለ።

ሊቀመንበሩ መነጽራቸውን አውልቀው በከረባታቸው ጠረጉ።

«ስድሳ ዓመት እኮ ነው» አሉ። «አላስታውስም።»

ድምፅ ተሰጠ። ሦስት ለሁለት። ባርኔጣው እስከ ቅንድቡ የተደፋው ጀሶ አለፈ።

ቀራጺዋ ሊቀመንበሩን ኮሪደሩ ላይ ደረሰችባቸው። «ጋሼ፣ በእውነት አያስታውሱም?»

ሽማግሌው ግድግዳውን ተደገፉ። «ዋና ያስተማረችኝ እሷ ናት» አሉ በቀስታ። «ያሳበቅኩባትም እኔ ነኝ። ዐሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር። ባንዲራውን አባቴ ለኔ እንዲሰጠኝ ፈልጌ ነው። እሱም በሰው ሁሉ ፊት አዋረዳት። አሁን በኢዮቤልዩው ቀን ተነስቼ አባቴ እንዲህ ነበር፣ እኔም እንዲህ ነበርኩ ልበል? አልቻልኩም ልጄ። አፌ ተሳሰረ።»

ቀራጺዋ ወደ ስብሰባው ክፍል ተመለሰች። ያልተመረጠውን ጀሶ በጨርቅ ጠቅልላ፣ እንደ ሕፃን ታቅፋ ወደ ቤቷ ሄደች።

እናቷ የበሩን ድምፅ ስትሰማ ሬዲዮውን ዘጋች። «እህስ? ምን ተባለ?»

ቀራጺዋ መንገድ ላይ የተለማመደችው እውነቱን መናገር ነበር። ግን እናቷ ሸሚዝ ቀይራ፣ ጸጉሯን አበጥራ ነበር የምትጠብቃት። ጀሶውን ጭኗ ላይ አኖረችላት። የእናትየው ጣቶች ከድንኳኑ ጀምረው በእንጨቱ በኩል ወጡና ፊቱ ላይ ቆሙ።

«ይሄ አፍንጫ የኔ ነው? ኧረ አበዛሽው!»

«አንቺው የሰጠሽኝ አፍንጫ ነው፤ ከኔ ላይ ለክቼ ነው።»

ሁለቱም ሳቁ። ከዚያ እናቷ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ጠየቀች። «እሱስ? ትንሹ ልጅ? ምን አለ?»

እናቷ ያሳበቀባትን ሰው ድሮም ታውቅ እንደነበር ለቀራጺዋ የገባት ያኔ ነው።

«አስታወሰሽ» አለች። «እሷ ናት አለ። አለቀሰ፣ እማዬ።»

እናቷ ጣቷን ከባንዲራው አጠገብ ወዳለው ትንሽ ልጅ አሻገረች። «ምስኪን» አለች። «ልጅ እኮ ነበር። እንዳልተቀየምኩት ንገሪው።»

ከዚያ ቀን በኋላ ያ ቤት ሌላ ቤት ሆነ። እናትየው ስልኩን ከእጇ አላስቀመጥ አለች። ሠላሳ ዓመት ያሳደገቻቸውን ስካውቶች አንድ በአንድ እየደወለች «ሳንቲም ላይ ልወጣ ነው፤ ደግሞ ገበያ ስትገዙ እኔን ይዛችሁ ዋጋ አትከራከሩ» ትላቸዋለች። መብላት ጀመረች። አንድ ቀን እንዲያውም ግድግዳ እየዳሰሰች ብቻዋን እስከ ውጭው በር ሄዳ ተመለሰች። ቀራጺዋ በየማለዳው ዛሬ እነግራታለሁ እያለች ትነሳለች፤ የእናቷን ፊት ስታይ ለነገ ትለዋለች። ቀን ቀን ማምረቻው ውስጥ ባርኔጣ የደፋው ልጅ የተቀረጸበትን ብረት በአጉሊ መነጽር እያየች ታስተካክላለች። ዘጠኝ ሳምንት እንዲህ ሆነ።

ሳንቲሙ በወጣ ማግስት ሦስት የድሮ ስካውቶች እየተንጫጩ መጡ፤ አሁን ሁሉም የልጆች እናት ናቸው። ሳንቲሙን በሳጥኑ እትዬ ፊሽካ እጅ ላይ አኖሩት። በጣቷ ብትዳስሰው ከጥፍር ያነሰ ፊት ምን ይለያል፤ ፈገግ እንዳለች ቀረች። ቀራጺዋ ከወጥ ቤት ሳህን ይዛ ስትወጣ አንደኛዋ ሳጥኑ ውስጥ ያለውን ወረቀት ዘርግታ ነበር።

«ላንብብልዎት እትዬ፣ ስምዎትን ይስሙት! ‹ምስሉ የመጀመሪያዎቹን ወንድ ስካውቶች ያሳያል። መሃል ባንዲራ የያዘው...›» ሴትየዋ አቆመች። የተጻፈው ስም የወንድምየው ነበር። ወረቀቱን ገለበጠችው፤ ሌላ ነገር የለውም።

ቀራጺዋ ሳህኑን የት እንደምታስቀምጠው ጠፋት።

«አዎ፣ ያኔ እኔ የምጠራው በሱ ስም ነበር» አለች እናትየው ቶሎ ብላ፣ ድምጿ ሳይናወጥ። «ተነጋግረንበታል፤ ወንድሜም ነፍሱን ይማረውና አንድ ነገር ይድረሰው ብዬ እኔው ነኝ እሺ ያልኩት። በሉ ጨዋታ አምጡ፤ ልጆቻችሁ እንዴት ናቸው?»

ሴቶቹ አመኗት፣ ወይም ያመኑ መሰሉ። ተጫውተው፣ ጉንጯን ስመው ሄዱ። በሩ ሲዘጋ እናትየው ሳንቲሙን ሳጥኑ ውስጥ መልሳ ክዳኑን ገጠመች።

«እማዬ...»

«ሳንቲሙስ ይቅር» አለች። «አለቀሰ ያልሽኝስ?»

«አላለቀሰም።»

«አላስታውስም አለ?»

«አዎ።»

እናቷ ራሷን ነቀነቀች። ብትቆጣት፣ ብትሰድባት ይሻላት ነበር። «ልተኛ፤ ደግፊኝ» ብቻ አለች። በማግስቱ ሬዲዮ አልተከፈተም። ስልኩ ሲጠራ «የለችም በይ» ትላለች።

በአምስተኛው ቀን ቀራጺዋ ሊቀመንበሩ ቤት ሄዳ ለመነቻቸው። «ሳንቲሙ አልቋል፣ ማንም አይጠይቅዎትም። እሷ ፊት ብቻ አንዴ ይበሉልኝ።» እሺ አሉ፤ በማግስቱም ሙሉ ልብስ ለብሰው መጡ። እናቷ በትራስ ተደግፋ ተቀበለቻቸው። ሽማግሌው ሻይ ጠጡ። ስለ ጉልበታቸው አወሩ፣ ስለ ዝናቡ አወሩ። ሁለት ጊዜ «እኔ እኮ ያኔ...» ብለው ጀመሩና ሳሉ። እናቷ ሁለቱንም ጊዜ ጠበቀቻቸው። ከዚያ አረፈድኩ ብለው ተነሱ።

«እግዜር ያክብርህ፣ ደከምክ» አለቻቸው።

እርምጃቸው ከራቀ በኋላ ወደ ልጇ ዞረች። «ድምፁ አረጀ» አለች። «በአንድ በኩል ደግሞ ያው ነው። ያኔም ውኃ ሲገባ እንዲህ ነበር፤ እስከ ጉልበቱ ይገባና ይመለሳል።»

እናትና ልጅ ስለ ሳንቲሙ ዳግመኛ አላነሱም። ልጅየዋ ይቅርታ ጠየቀች፤ እናትየውም «ለደስታዬ ብለሽ ነው፣ አውቃለሁ» አለቻት። ግን የድሮው ቁጣዋም፣ የድሮው ሳቋም ተመልሶ አልመጣም። ሴቶቹ ሳንቲሙን ባመጡ በዐሥራ አንደኛው ቀን፣ ከምሳ በኋላ፣ ጋደም እንዳለች አረፈች።

ከቀብሩ ሁለት ወር በኋላ ሊቀመንበሩ በኮሚቴው የመዝጊያ ስብሰባ ላይ ቆመው ሁሉንም ተናገሩ፤ ማሳበቃቸውንም፣ የአባታቸውንም ነገር፣ አላስታውስም ማለታቸውንም። አለቀሱ ይባላል፤ ቀራጺዋ አልነበረችም፣ ጸሐፊዋ ናት የነገረቻት። ቃለ ጉባኤው ላይ ተጻፈ። የታሪክ ባለሙያው ቃሉን ጠብቆ ሳጥኑ ውስጥ የሚገባውን ወረቀት አስተካከለ፤ ለቀሩት ሳንቲሞች አዲስ ታተመ። አንዱን ራሱ ይዞላት መጣና ሥራ ጠረጴዛዋ ላይ፣ የጀሶ ዱቄቱን በእጁ ጠረግ አድርጎ አኖረላት።

የእናቷ ስም ከነአባቷ ስም፣ አንድ ፊደል ሳይጎድል ተጽፏል። ቀራጺዋ ቆማ አነበበችው። ሦስት መስመር ነው።

«ትክክል ነው?» አላት።

«ትክክል ነው» አለች።

ሰውየው ሌላ ነገር ትላለች ብሎ ትንሽ ቆየና ወጣ። እሷ ወንበሯን ስባ ተቀመጠች፤ ወረቀቱን እንደያዘች፣ ድምጿን ከፍ አድርጋ ለማንበብ አፏን ከፈተች። ክፍሉ ውስጥ ማንም አልነበረም።