ክኒን ያለበት የማር ማንኪያ

ልጄ ከሕፃንነቷ ጀምሮ መኪና አይስማማትም። ሞተር ሲነሣ ፊቷ ይገረጣል፤ ሁለተኛው ኩርባ ላይ ታስመልሳለች። ስለዚህ መንገድ ስንሄድ የማቅለሽለሽ ክኒን አድቅቄ፣ ምሬቱ እንዳይሰማት በማር ለውሼ አጎርሳታለሁ። ክኒኑ ማስመለሱን ያቆምላታል፤ ግን እስክንደርስ እንደ ጆንያ ትከሻዬ ላይ ወድቃ ትተኛለች። እንግዲህ ይህችው ልጅ ናት አድጋ የአውቶቡስ ሾፌር ካልሆንኩ ያለችኝ።

የመንጃ ፈቃድ ፈተናዋ ቀን ጠዋት እንደ ልማዴ ማንኪያዬን ይዤ ቀረብኩ። መፈተኛው ሜዳ ከተራራው ማዶ ነው፤ መንገዱ እንደ እባብ ይጠማዘዛል።

«አልወስድም እማዬ» አለች አፏን በእጇ ከልላ። «ይህን የወሰደ ሰው መሪ አይዝም። ፋርማሲስቷ ስትናገር አብረሽኝ ነበርሽ እኮ።»

ነበርኩ። እንቅልፍ ያመጣል፣ አፍ ያደርቃል፣ ዓይን ያደበዝዛል፣ ወስዶ መንዳት ክልክል ነው ብላናለች። እኔ ግን የታየኝ ሌላ ነው፤ ልጄ መሪው ላይ ስታስመልስ፣ መኪናው ገደል ሲገባ፣ እኔ ደረቴን ስደቃ። ይህንኑ ስነግራት ሟርቴን ቤት ቆልፌበት እንድመጣ ለመነችኝ።

ማር ደግሞ አይጣልም። ማንኪያውን ራሴ ላስኩት። ክኒኑ ውስጡ መሆኑ ትዝ ያለኝ ከዋጥኩት በኋላ ነው።

የመንዳት አስተማሪዋን ሁሉም «ፍሬን» ይለዋል። የመለማመጃው መኪና በእሱም በኩል ፍሬን ስላለው፣ ተማሪ ሲነዳ እግሩን ከዚያ ላይ አንሥቶ አያውቅም። ተራራውን ራሱ እየነዳ ይዞን ሄደ። እኔ ልጄን ልጠብቅ ፌስታል ይዤ ከኋላ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ከመጀመሪያው ኩርባ ወዲያ ያለውን አላውቅም።

ስነቃ መኪናው ቆሟል። ምላሴ ላንቃዬ ላይ ተጣብቋል፤ ሜዳው ጭጋግ የለበሰ ይመስላል። ልጄ እንደ ወረቀት ነጥታ የሞላውን ፌስታል ትቋጥራለች።

«ጠባቂዬ፣ እንቅልፍ እንዴት ነበር?» አለችኝ።

የማንኪያውን ነገር ስነግራት እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። እኔ ግን ልወርድ ብል እግሬ አልታዘዝ አለኝ። ይህን ሁሉ ድንዛዜ ተሸክማ እንድትፈተን ነበር የፈለግሁት?

ፈታኙ መጥቶ እንቅልፍ የሚያመጣ መድኃኒት ወስዳ እንደሆነ ጠየቃት።

«እኔ አልወሰድኩም» አለች። «እናቴ ናት የወሰደችልኝ።»

ፈታኙ ዞር ቢል፣ በሩን ተደግፌ አዛጋለሁ።

ፊቷን ታጠበች፣ መቀመጫውን አስተካከለች፣ ሞተሩን አስነሣች። ዓይኔን ልጨፍን አሰብኩ፤ ከጨፈንኩ እንደምተኛ ስላወቅሁ በግድ አየሁ። በተተከሉት እንጨቶች መሐል የኋሊት ገባች፤ አንዱንም አልነካችም። ዳገቱ ላይ ቆማ፣ አንዲት ጣት ያህል እንኳ ወደ ኋላ ሳትንሸራተት ተነሣች። ጉንጯ ላይ ደም ተመለሰ። ምን ተአምር ነው ብዬ አስተማሪውን አየሁት።

«መሪ የያዘ ሰው ኩርባውን ከመምጣቱ በፊት ያውቀዋል፤ ሆዱ አይደነግጥም» አለኝ። «ስነግርዎት አላመኑኝም እንጂ።»

አለፈች። ልጮህ ብል የደረቀው ጉሮሮዬ እምቢ አለኝ፤ እጄ እስኪቃጠል አጨበጨብኩ።

ስንመለስ አስተማሪው ቁልፉን ለእሷ ሰጣት። ተራራው ሲጀምር እኔ አዲስ ፌስታል ዘርግቼ ጠበቅሁ። እሷ እያፏጨች መሪውን ታዞራለች። የሚያስመልሳትን ሁለተኛውን ኩርባ አለፍን፤ ከዚያም የባሰውን። አንገቴን አስግጌ የአስተማሪውን እግር አየሁ። ከፍሬኑ ላይ አንሥቶ፣ አንዱን በአንዱ ላይ አነባብሮ ተቀምጧል።

ፌስታሉን አጣጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት።

«ልትተኚ ነው እማዬ?» አለችኝ በመስታወቱ እያየች። «ክኒኑ ገና አልለቀቀሽም?»

«ክኒኑማ ለቆኛል» አልኳትና ራሴን መቀመጫው ላይ ጣል አደረግሁ።