የመጣው ሊወስዳት ነበር

የሰውን ልብ ሥዕል ግማሹን ሰሌዳው ላይ ስላ እንደ ጨረሰች በሩ ሳይንኳኳ ተከፈተ። መግቢያውን በትከሻው ሞልቶ፣ ጫማው ላይ ሰጋቱራ እንደ ተጣበቀ፣ ታላቅ ወንድሟ ተገተረ።

«አባባ አምጣት ብለዋል» አለ። «እንቢ ካልሽ ልጃቸው አይደለሽም።»

ጠመኔው በጣቶቿ መካከል ተሰበረ።

አባቷ ዓለም ረክሳለች ብለው፣ ሚስትና ልጆቻቸውን ይዘው ጫካ ዳር የከተሙ እንጨት ሰንጣቂ ናቸው። ይሰነጥቃሉ፣ ይጸልያሉ፣ ይገርፋሉ። ሴት ልጅ ፊደል ከቆጠረች ሰይጣን በጓሮ በር ይገባል ባይ ናቸው። እናቷ ግን እሳቸው ዘወር ባሉ ቁጥር ሰጋቱራው ላይ በጣቷ እየጻፈች፣ ሳላቸውን ስትሰማ በመዳፏ እያጠፋች አስቆጠረቻት። የተያዙ ዕለት አባት ቀበቶአቸውን ፈቱ። እንዳታመልጥ እጆቿን ጠፍንጎ የያዘላቸው ይኸው ወንድሟ ነበር። በነጋታው ጠፍታ ከተማ ያለች ልብስ ሰፊ አክስቷ ቤት ገባች። ቀን እየሰፋች፣ ማታ እየተማረች፣ ይኸው ከነርሶች ትምህርት ቤት ደረሰች። ክፍሉ ፊት ቆማ ስታስረዳ ደግሞ የዛሬው የመጀመሪያዋ ነው።

«ተራዬ ነው» አለችው። ድምፅዋ አለመንቀጥቀጡ ራሷን ገረማት። «ልጨርስና እንነጋገራለን።»

መምህሯ መነጽራቸውን ወደ አፍንጫቸው ጫፍ አወረዱ። «ወይ ይግቡ ወይ ይውጡ፤ በር ላይ ቆሞ የሚማር የለም።»

ወንድሟ ግራ ገባው። በአባቱ ቤት ወይ ታዘዝ ወይ ተገረፍ እንጂ ምረጥ ያለው አልነበረም። አጎንብሶ ገባና የኋላው ወንበር ላይ፣ ጉልበቱ ከጠረጴዛው ሥር አልገጥም ብሎት፣ ተጣሞ ተቀመጠ።

እሷም ቀጠለች። ደሙ በቀኝ ገብቶ ወደ ሳንባ ሲወጣ፣ ነጽቶ በግራ ሲመለስ፣ በጠመኔዋ ተከተለችው። ቃል ቃልን እየሳበ መጣላት። መሃል ላይ ፍርሃቷን ብትፈልገው አጣችው፤ በምትኩ ደረቷን የሞላው ደስታ ሊያስቃት ዳዳ። ቀና ስትል ወንድሟ መዳፉን ደረቱ ላይ አድርጎ ያዳምጣል።

«ጥያቄ ያለው?» አሉ መምህሯ።

ከኋላ አንድ ሻካራ እጅ ቀስ ብሎ ወጣ።

«የግራው ቢደክምስ?»

«ሳንባ ውሃ ይቋጥራል» አለችው። «ሰው ተጋድሞ መተንፈስ ያቅተዋል።»

«እግርስ ያብጣል?»

ያኔ ገባት። «እማዬ ናት?»

«ቁጭ ብላ ነው የምታድረው። አባባ ጸሎት ይበቃታል ይላሉ።»

መምህሯ ጠመኔአቸውን አስቀመጡ። «ዛሬውኑ አምጣት፣ ልጄ። ሐኪሙ እዚሁ ግቢ ነው። እኔ እነግረዋለሁ።»

ወንድምየው እጆቹን አገላብጦ አያቸው። «ያን ቀን በነዚህ...» ብሎ አልጨረሰውም።

«አልረሳሁትም» አለች። «አሁን በነሱው እማዬን ደግፈህ አምጣት።»

«አባባ ቢጠይቁኝስ?»

«ልወስዳት ሄጄ አስተማረችኝ በላቸው።»

ተማሪው ሁሉ ሳቀ። ወንድሟ መጀመሪያ ደነገጠ፤ ቀጥሎ ትከሻው ተንቀጠቀጠ፤ ከዚያ አፉን ከፍቶ ሳቀ። አብረው አድገው ሲስቅ አይታው አታውቅም። የፊት ጥርሶቹ ልክ እንደሷ አንዱ ባንዱ ላይ መደረባቸውን ገና ዛሬ አየች።