ከሰሌዳው የጎደለው ቁልፍ

ደመናው ከጠዋት ጀምሮ ሲሳሳ ቆይቶ ከቀትር በኋላ ጨርሶ ተገፈፈ። ለሪስተን ከተፈቀዱላት ምሽቶች የቀረው የዛሬው ብቻ ነበር፤ ያለፉትን ሁሉ ደመና በልቷቸዋል። ዛሬ ካልተሳካ ካሜራው ተነቅሎ ወደ ሌላ ጣቢያ ይሄዳል፣ ለዶክትሬቷ የጀመረችው ጥናትም እዚያው ይቀራል። እኔ ግን አልተጨነቅሁም። ማሰራጫዎቹን ራሴ ፈትሻቸዋለሁ።

ሥራችን ሰማይ ማሞቅ ነው። በፊዮርዱ፣ በተራሮች መካከል ወደ ውስጥ በገባው የባሕር ክንድ፣ ዳር ከተተከሉት አንቴናዎች ብርቱ የሬዲዮ ሞገድ ወደ ላይ እንልካለን። አውሮፕላን ከሚደርስበት እጅግ ርቆ፣ ፀሐይ አየሩን በኤሌክትሪክ የሞላችበት ሽፋን አለ፤ አዮኖስፌር ይባላል። ሞገዱ እዚያ ሲደርስ ይያዝና ሽፋኑን ያሞቀዋል፤ አንዳንዴም ካሜራ እንጂ ዓይን የማይለየው ደብዛዛ ቀይ ብርሃን ይወጣዋል። ችግሩ ጊዜው ነው። ብርሃኑን ለማየት ጨለማ ያስፈልጋል፤ ሌሊቱ ሲገፋ ደግሞ ሽፋኑ ይሳሳና ሞገዱ ሳይያዝ ወደ ጠፈር ያልፋል። በኅዳር መጨረሻ በሁለቱ መካከል ያለችው ክፍተት ጠባብ ናት። እኔና ባለቤቴ አይሊፍ ዕድሜያችንን ሙሉ የሠራነው በዚያች ክፍተት ውስጥ ነው።

ሪስተን ካሜራው ወዳለበት ኮረብታ ልትወጣ ስትል የለበሰችውን አየሁ።

«ይህን ለብሰሽ ነው እዚያ የምትቆሚው?»

«ቀስ ይበሉ፣ አባቴ እንዳይሰማ። ካፖርቴን ከተማ ረስቼው መጣሁ።»

አባቷ ኒላ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። የሚያረባቸው አጋዘኖች ከአንቴናዎቹ ጀርባ ነው የሚግጡት፤ በበረዶ ላይ በሚነዳው ሞተሩ ሊያደርሳት መጥቷል።

«የአጋዘን አርቢ ልጅ ካፖርት ረሳች! ዩኒቨርሲቲ ያስተማራት ይኼንን ነው» አለ። ወደ እኔም ዞረ። «አንቺስ አለቃ፣ ሰማዩን ስታሞቂ ለልጄ ትንሽ ብታንጠባጥቢላት ምናለበት?»

«ዝናብ ሲመጣ የእኛ ሥራ ነው ትላላችሁ፤ ሙቀት ሲሆን ግን ማንም አያመሰግነንም» አልኩት፤ ካፖርቴን አውልቄም አለበስኳት።

ከሄዱ በኋላ ከኦድቫር ጋር ወደ መቆጣጠሪያው ክፍል ገባን። ኦድቫር የማሰራጫው ቴክኒሻን ነው፤ እዚሁ ከእኛ ጋር አብሮ ያረጀ። ግድግዳው ላይ የቁልፍ ሰሌዳ አለ። ወደ አንቴናዎቹ የሚገባ ሁሉ ስሙ ከተጻፈበት መንጠቆ ቁልፉን ይዞ ይገባል፣ ሲወጣ ይመልሳል። አንድ ቁልፍ ከጎደለ ማሰራጫው አይነሣም፤ ውስጥ ሰው እያለ ከተነሣ ያቃጥለዋልና። ሰሌዳውን ያበጀው አይሊፍ ነው።

«ካሜራው ዝግጁ ነው» አለች ሪስተን በሬዲዮ። «ሰማዩ መስታወት መስሏል!»

ኦድቫር ማስነሻውን ተጫነ። የመቆለፊያው ቀይ መብራት በራ፤ ማሰራጫው አልተነሣም።

ሰሌዳውን አላየም። ያየው እኔን ነው። የጎደለው የአይሊፍ ቁልፍ ነበር።

አይሊፍ ከሞተ ሁለት ዓመት ሆኖታል። ስሙን ከሰሌዳው ያነሣ የለም። ጠዋት ጠዋት አንቴናዎቹን ልፈትሽ ስገባ የራሴን ቁልፍ ትቼ የእሱን እወስዳለሁ። እስክመለስ ድረስ ሰሌዳው «አይሊፍ ውስጥ ነው» ይላል። ከዚህ ሌላ የምለው የለኝም። ዛሬ ጠዋት ደመናውን እያየሁ ስመለስ ቁልፉን ከካፖርቴ ኪስ አላወጣሁትም። ካፖርቱ ደግሞ ኮረብታው ላይ ነው።

«መቆለፊያውን በሽቦ አገናኝቼ ልዝለለው» አለ ኦድቫር ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ውስጥ ሰው እንደሌለ አንቺም እኔም እናውቃለን። ሌላ ሰው ምንም መስማት የለበትም።»

«ታውቅ ነበር?»

«በየጠዋቱ ከኋላሽ የምገባው እኔ ነኝ። ዓይን አለኝ።»

«ታዲያ ለምን አልተናገርክም?»

«ምን ብዬ?»

የኦድቫር ደግነት ገብቶኛል። መስኮቱ ጨልሟል፤ መለኪያው ደግሞ ሽፋኑ እየሳሳ መሆኑን ያሳያል። ሽቦው ሁለታችንንም ይገላግለን ነበር፤ እሱን ከመጠበቅ፣ እኔን ከመናገር።

«ቁልፍ ከጎደለ ውስጥ ሰው አለ ማለት ነው» አልኩት። «ዛሬ ለእኔ ብለን ከዘለልነው ነገ ለሌላው እንዘለዋለን።»

ሬዲዮውን አነሣሁ። በዚያ መስመር ከሸለቆው ማዶ ያሉት የራዳር ሠራተኞችም ይሰማሉ።

«ሪስተን፣ የካፖርቱን የቀኝ ኪስ እዪው። ቁልፍ አለ።»

«አለ» አለች። የተጻፈበትን አንብባም፣ «አይሊፍ ይላል።»

«አዎ። ጠዋት ስገባ የምይዘው የእሱን ነው። ዛሬ ሳልመልሰው ቀረሁ። ማሰራጫው ያለ እሱ አይነሣም፤ አባትሽ ያምጣው።»

ከዚያ የኒላ ድምፅ ተሰማ።

«መጣሁ፣ አለቃ። መንገድ ላይ የቆመ አጋዘን ካለ የዛሬ ራታችን እሱ ነው።»

እስኪደርስ ዝም ብለን አልተቀመጥንም። ሽፋኑ ሲሳሳ አሁንም ሊይዘው የሚችለውን ዝቅተኛ ድግግሞሽ ያለውን ሞገድ መረጥን። ጨረሩንም ወደ ደቡብ፣ የምድር መግነጢስ መስመር ወደሚያዘነብልበት አዘነበልነው፤ ብርሃኑ የሚጠነክረው እዚያ ነው።

«ይደርስልን ይሆን?» አለ ኦድቫር።

«ይደርሳል።» ላጽናናው ብዬ አልነበረም፤ ቁጥሮቹን አይቻለሁ።

ኒላ ጢሙ በረዶ ለብሶ ገባ። ቁልፉን ራሱ አልሰቀለውም፤ እጄ ላይ አኖረው።

«አንዴ የጠፋ አጋዘን ፍለጋ ያለ ቁልፍ አንቴናዎቹ መካከል ስገባ አይሊፍ ያዘኝ» አለ። «ከእሱ ሌላ እንደዚያ የጮኸችብኝ እናቴ ብቻ ናት።»

ቁልፉን ሰቀልኩት። ቀዩ መብራት ጠፋ። ኦድቫር ማስነሻውን ተጫነ፤ ማሰራጫዎቹም ወለሉ እስኪንቀጠቀጥ አጉረመረሙ።

«ምንም የለም» አለች ሪስተን። «ምንም... ቆዩ! ቆዩ፣ ክብ ነገር አለ!»

«ሰማዩ በራሱ የሚያበራው የሰሜን ብርሃን እንዳይሆን» አለ ኦድቫር።

«አጥፋው» አልኩት።

አጠፋው። «እየደበዘዘ ነው» አለች ሪስተን። «ጠፋ።»

«አብራው።»

ኦድቫር ማስነሻውን ደግሞ ተጫነ። ከዚያ ሪስተን በሳሚ፣ በአባቷ ቋንቋ፣ አንድ ነገር ጮኸች፤ ኒላም እየሳቀ ግንባሩን ያዘ።

«ምን አለች?» አልኩት።

«ሴት ልጅ በሬዲዮ የማትለውን። መጥቷል ማለቷ ነው።»

ሽፋኑ ሳስቶ ሞገዱን እስኪለቀው ድረስ ስናጠፋና ስናበራ ቆየን። ስናበራ ይመጣል፣ ስናጠፋ ይሄዳል። የእኛ ብርሃን ለመሆኑ ሌላ ማስረጃ አያሻም ነበር። ካሜራውም ከቦታው አልተነቀለም።

በማግስቱ ጠዋት ሪስተን ካፖርቴን አጣጥፋ መለሰችልኝ። ከእኔ ጋር ልትገባ ፈልጋ ሰሌዳው ፊት ቆመች። በስሟ የተሰየመ መንጠቆ የላትም።

«እኔ የትኛውን ልያዝ?»

ኦድቫር ወለሉን አየ።

«ያንን» አልኳት።

«የአይሊፍን?» ቁልፉን አነሣችና ስሙን ዳሰሰችው። «ስሙስ?»

«ስሙ ይቆይ። ስትወጪ ግን መልሺው፤ ኪስ ውስጥ የሚረሳ ሰው ቀዩን መብራት ያስበራል።»

ኦድቫር እየሳቀ ፊቱን አዞረ። እኔም ከራሴ መንጠቆ የራሴን ቁልፍ ወስጄ ተከተልኳት።