የመጀመሪያዋ እፍኝ

«በቃ፣ ዙሪያውን ዘርተን የሱሌይማንን ማሳ እንተወው» አለ ኸይረዲን፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ዝቅ ማድረጉ ምን ሊረባ። ወንዶቹ የተቀመጡበትን ዳስ ናፊሳ ካለችበት ክፍል የሚለየው አንድ ሸራ ነው። ባሏን ሱሌይማንን ከቀበሩ ወዲህ ሰው ሁሉ አጠገቧ የሚያወራው በሹክሹክታ ነው፤ ሐዘን ጆሮ የሚደፍን ይመስል። ሰልችቷታል።

«መሃሉ ጦም ካደረ ኩታ ገጠም አይባልም፣ ጋሼ ኸይረዲን» አለ የቀበሌው የግብርና ባለሙያ ይልማ። «ድጎማው ማሳቸውን ገጥመው አንድ ሰብል ለሚዘሩ ነው። እስከ ቅዳሜ መሬት ካልገባ፣ በቅናሽ የመጣው ዘርም ማዳበሪያም ወደ ሌላ ቀበሌ ይሄዳል።»

«ይሂዳ። የወንድሜ ዳስ ሳይፈርስ እሱ ማሳ ላይ ቀንበር አላሳርፍም።»

ሌሎቹም በዚያው ጸኑ። ቀወት ውስጥ የለቅሶ ዳስ ሳይነሳ የሟችን መሬት የሚያርስ የለም፤ ነውር ነው።

ናፊሳ ያን ጊዜ እንባዋ መጣ። ዓምና ይህንኑ ድጎማ ያስቀረባቸው ሱሌይማን ራሱ ነበርና።

መቼም ችክ ካለ ለማንም አይመለስም ነበር። መንደሩ ሁሉ ማሾ ሊዘራ ተስማምቶ ሳለ፣ እሱ መሃል ላይ ማሽላውን ዘርቶ ቁጭ አለ። «ማሾ ለገበያ ነው። ገበያው ቢከዳኝ ልጆቼን ምን አበላለሁ?» አላት። ድጎማው ቀረ፤ ጎረቤቶቹ ማዳበሪያ ከነጋዴ በውድ ገዙ። ደጁ መጥቶ የወቀሰው የለም፤ ሰላምታቸውን ግን አሳጠሩበት። ያቺ አጭር ሰላምታ ከስድብ በላይ አንገበገበችው። ዘንድሮ ዝናቡ ሳይገባ በየቤቱ ዞሮ «እኔም አለሁበት» አለ። በሬ ለሌለው በሬውን አዋሰ። የራሱን ማሳ አለስልሶ ጨርሶ የተመለሰ ዕለት ደረቱን ያዘው፤ አላደረም።

አሁን ደግሞ ያው ማሳ፣ ለክብሩ ተብሎ፣ ሊያስቀርባቸው ነው። ናፊሳ ተነስታ ሸራውን ገለጠች።

«ኧረ ዒዳ ላይ ነሽ፤ ባሏ የሞተባት ከቤት አትወጣም» ብላ ጎረቤቷ ሂዳያ ቀሚሷን ያዘቻት።

«ከቤት አልወጣሁም፤ ሸራ ነው የገለጥኩት» አለችና ወደ ባሏ ወንድም ዞረች። «ጋሼ ኸይረዲን፣ ዳሱን ዛሬውኑ ያፍርሱት። ነገ በሬ ይጠመድ። ከሱ ማሳ ጀምሩ።»

«ሰው ምን ይላል፣ ናፊሳ?»

«የሚለውን ዓምና ብሏል። ሱሌይማንን ሁለት ጊዜ ድጎማ ያስቀረ ሰው አድርገው አይቅበሩብኝ።»

ኸይረዲን ተነስቶ የዳሱን ገመድ ይፈታ ጀመር። ሌሎቹም ተነስተው አገዙት።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ኸይረዲን የማሾውን ከረጢት ተሸክሞ ደጃፏ ላይ ቆመ። በነሱ መንደር ባለማሳው «ቢስሚላህ» ብሎ የመጀመሪያዋን እፍኝ ሳይበትን የሌላ ሰው እጅ አይዘራም። በዚህ ቤት ያ እጅ ሁልጊዜ የሱሌይማን ነበር።

«አንቺ ማሳ ድረስ አትሄጂም» አላት። «እዚሁ ዝገኚልን።»

ናፊሳ ደጃፉን ሳትሻገር እጇን ከረጢቱ ውስጥ አስገባች። ዘሩ ይቀዘቅዛል። ሱሌይማን ይህን ሲያደርግ ስንት ዓመት አይታለች፤ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ «ቢስሚላህ» አለችና የዘገነችውን ኸይረዲን መዳፍ ላይ ገለበጠችው።

ከረጢቱ ውስጥ መልሶ ይጨምረዋል ብላ ነበር። አልጨመረውም። እፍኙን ጨበጠና ከረጢቱን አብሮት ለመጣው ለይልማ አሸክሞ፣ ደጅ የተደገፈውን ቀንበር በአንድ እጁ ትከሻው ላይ አድርጎ መንገድ ጀመረ። ናፊሳ ከደጃፏ ሆና በዓይኗ ተከተለችው። ማሳው መሃል እስኪደርስ ድረስ ያን እጁን አልከፈተም።