የጅምሩ ባሕር

«ኮራልዎ ደርሷል ጌታዬ። ከረጢት ውስጥ ስለሆነ ዛሬውኑ ካልወሰዱት ይሞታል» አለ በስልክ የሚያወራው ሰው።

ፋርማሲስቷ ስልኩን ከጆሮዋ አራቅ አድርጋ አየችው። «የዓሣ ሱቅ» ይላል። ስልኩ የታናሽ ወንድሟ ነው። ወንድሟን ከቀበሩ ደግሞ ይሄ አራተኛ ቀናቸው ነው። ሳሎኑ ውስጥ ሻይ የያዘው ሁሉ ወደ እሷ ዞሯል።

«ሞቷል» አለች።

«ኧረ አልሞተም! አሁን አይቼው ነው የደወልኩት፣ ደህና ነው።»

«ኮራሉን መቼ አልኩህ! ወንድሜን ነው የምልህ! ሞቷል!»

ብርጭቆ ውስጥ ሲዞር የነበረ አንድ ማንኪያ እንኳ ቆመ። ስልኩን ዘጋችና እንደ ትኩስ ድንች ጠረጴዛው ላይ ጣለችው።

«ደግሞ ምን ጀምሮ ነበር?» አለች አክስቷ እያቃሰተች።

ቤተሰቡ ሟቹን የሚጠራው ጅምሩ እያለ ነው። ቅጽል ስሙን ያወጣችለት እሷ ራሷ ነች። መቀባት ጀምሮ የተወው የእናታቸው መኝታ ቤት በር ከወገብ በላይ ነጭ፣ ከወገብ በታች ቡናማ ከሆነ ሦስተኛ ዓመቱ ነው። የገዛው ጊታር ሁለት ክር ብቻ ገብቶለታል። አንድ የውጭ ቋንቋም ተምሮ ሰላምታውን ያውቃል፣ ስንብቱ ላይ ሳይደርስ አቋርጧል። «አንተ እኮ ስትወለድም ግማሽ መንገድ ላይ ሐሳብህን ልትቀይር ነበር» ትለው ነበር፤ እሱም ከት ብሎ ይስቃል። አሁን ሠላሳ አራት ዓመቱን እንኳ በወጉ ሳይጨርስ የመሥሪያ ቤቱ ደረጃ ላይ ልቡ ቆመ።

ከመሥሪያ ቤቱ ለልቅሶ የመጣችው ጸሐፊ ወንበሯን አስጠጋች።

«የባሕር ውሃ ነገር ነው» አለች በሹክሹክታ። «ጠረጴዛው አጠገብ አኳሪየም አስቀምጦ ነበር። ሦስት ወር ሙሉ ድንጋይና ውሃ ብቻ! ዓሣ የለው፣ ምን የለው። እኛማ የጨው ሾርባ ነበር የምንለው። አለቃችን የፊታችን ቅዳሜ እንዲደፋ አዟል። ለቅሶ ላይ እንዴት ብዬ ልንገርሽ ብዬ ነው እንጂ…»

«ይድፉት!» አለች እህቱ። «ምን ነበረበት አንዱን ነገር እንኳ ጨርሶ ቢሞት!»

«ኧረ ተይ፣ በእናትሽ ፊት!» አክስቷ ከንፈሯን ነከሰች።

እናታቸው ሶፋው ጥግ ላይ እጇን ጭኗ ላይ አጣጥፋ ተቀምጣለች። ከቀብሩ ወዲህ ቃል አልወጣትም።

ፋርማሲስቷ ስለ ውሃው ጨርሶ አታውቅም ማለት አይቻልም። ወንድሟ አረንጓዴና ቢጫ አይለይም ነበር። ከሁለት ወር በፊት ጀምሮ በቀጭን ብልቃጥ የተያዘ ውሃ ፎቶ እያነሳ ይልክላት ነበር፦ «ይሄ ቢጫ ነው አረንጓዴ?» እሷ ደግሞ ፊቷ በሽተኛ ተሰልፎ፣ አንድ እጇ ኪኒን እየቆጠረ፣ «አረንጓዴ፤ ሥራ ላይ ነኝ» ብላ ትመልሳለች። በሳምንቱ ደግሞ ሌላ ብልቃጥ። «ነይ እይልኝ አትበለኝ፤ ስትጨርስ ጥራኝ» ብላው ነበር። የመጨረሻው ፎቶ የመጣው ዓርብ ጠዋት ነው። ሳትከፍተው ቀረች። ከሰዓት በኋላ ደረጃው ላይ ወደቀ።

ስልኩ እንደገና ጮኸ።

«ይቅርታ እመቤቴ፣ አላወቅኩም ነበር» አለ ባለሱቁ። «እግዜር ያጽናችሁ። ኮራሉን ለሌላ እሰጠዋለሁ፤ ለሱ አይደለም የደወልኩት። እንዲህ ያለ ደንበኛ ገጥሞኝ ስለማያውቅ ነው። ሌላው ሰው ዛሬ ውሃ ሞልቶ ነገ ዓሣ ይከታል፣ በሳምንቱ የሞተ ዓሣ ይዞ ሊጣላኝ ይመጣል። እሱ ግን ሐሙስ ሐሙስ ብቅ ይላል፤ እንደ አበባ የሚከፈቱትን የባሕር እንስሳት፣ ኮራሎቹን፣ ቆሞ ያያል፤ ውሰድ ስለው ‹ውሃዬ ገና ነው› ይለኛል። አሥራ አንድ ሐሙስ! ባለፈው ነው ‹እዘዝልኝ፤ እህቴ ቢጫ ነው ካለችኝ ውሃዬ ደርሷል› ያለኝ።»

«ማን? የኔ ወንድም ነው አሥራ አንድ ሳምንት የጠበቀው?»

«እሱ ነው እንጂ።»

«አትስጠው ለሰው» አለችና ተነሳች።

አክስቷ «የት ልትሄጂ ነው? ሰው ምን ይላል?» እያለች እስከ በሩ ተከተለቻት። ጸሐፊዋ ቦርሳዋን አንስታ ከኋላ ሮጠች።

ኮራሉን ከነከረጢቱ ከሱቁ ተቀብለው መሥሪያ ቤቱ ደረሱ። አኳሪየሙ ከትንሽ ቴሌቪዥን አይበልጥም። ጠርዙ ላይ ጨው ነጭ ሆኖ ደርቋል። ውሃው ወንድሟ በፕላስተር ካሰመረው መስመር ሁለት ጣት ያህል ወርዷል። ማሞቂያው ከሶኬት ተነቅሎ በቦታው የስልክ ቻርጀር ተሰክቷል።

«የማን ነው ይሄ?» ጮኸች።

ጸሐፊዋ አንገቷን ደፋች። «የኔ ነው። ባዶ መስሎኝ እኮ ነው…»

«ሁሉም ነገር ባዶ ይመስላችኋል!» ቻርጀሩን ነቅላ ወረወረችው፤ ወዲያው አፈረችና ማሞቂያውን ሰካች። ቴርሞሜትሩ ሃያ አንድ ይላል። ከጎኑ በወንድሟ የተንጋደደ ጽሑፍ «25! አትርሳ» ተብሎ ተለጥፏል።

ከአኳሪየሙ ሥር ካሉት ሁለት ባልዲዎች አንዱን አንስታ የጎደለውን ልትሞላ ስትል፣ በስልክ ስታነጋግረው የነበረው ባለሱቅ አስቆማት፦ «ጨው የገባበት እንዳይሆን! የሚተነው ውሃው ነው፤ ጨው የትም አይሄድም። ንጹሑን ነው የምትጨምሪው።» በጣቷ ስትቀምሰው ልትጨምረው የነበረው ጨዋማውን ነበር። ምላሷን ነክሳ ባልዲውን ቀየረች።

ከዚያ ሥራዋን ሠራች። አምስት ሚሊ ውሃ ቀዳች፣ ወንድሟ ከትቶት ከነበረው የውሃ መመርመሪያ ጠብታዎቹን ቆጠረች፣ ብልቃጡን አናወጠች፣ አምስት ደቂቃ ጠበቀች። ቢጫ ሆነ፤ ጥርት ያለ ቢጫ። ስልኳን አውጥታ የዓርቡን ፎቶ ከፈተች። እሱም ቢጫ ነው።

«ጥሩ ነው መጥፎ?» አለች ጸሐፊዋ።

«ደርሷል። ዓርብም ደርሶ ነበር። አንዲት ቃል እኮ ነው የፈለገው! አንዲት ቃል!» ጠረጴዛውን በጡጫ መታችው፤ ውሃው ተንቀጠቀጠ። ከአንዱ ድንጋይ ቀዳዳ ላባ የመሰለች ትንሽ ነገር ብቅ ብላ ኖሮ ደንግጣ ተመለሰች። ሁለቱም አዩዋት። ጸሐፊዋ እጇን አፏ ላይ ጫነች።

ውሃው እስኪሞቅ ሁለት ሰዓት ፈጀ። ኮራሉ ሙቀቱን እንዲለምድ ከረጢቱ ላዩ ላይ እየተንሳፈፈ ሳለ አክስቷ ሦስት ጊዜ ደወለች።

«የት ነሽ? እንግዳ እየጠየቀ ነው!»

«ውሃ እያሞቅኩ ነው።»

«ሻይ እዚህ ሞልቶልሽ?»

በመጨረሻ እጅጌዋን መሰብሰብ እንኳ ሳታስታውስ ክንዷን እስከ ክርኗ ነከረች። ኮራሉ የተጨበጠ የሕፃን ቡጢ ያክላል፤ ቀለሙ ቡናማ። ድንጋዩ ላይ ስታስቀምጠው ተንከባለለ። መልሳ አስቀመጠችው፤ ደግሞ ወደቀ። «እንደ ባለቤትህ ግትር!» አለችው። በሦስተኛው ሁለት ድንጋይ መሃል ሸጎጠችውና ቆመ። ጠበቀች። አልተከፈተም።

«ነገ ወይ ከነገ ወዲያ ይከፈታል» አለ ባለሱቁ። «መቸኮል የለም።»

«ለኔ ነው ይሄን የምትለው?» አለችና ስልኩን ዘጋች።

ጸሐፊዋ የማሞቂያውን መሰኪያ እንዳይነቀል በፕላስተር ግድግዳው ላይ ለጠፈችው። «ቅዳሜ ሊደፋው የሚመጣ ካለ፣ መጀመሪያ እኔን ይድፋ» አለች።

ፋርማሲስቷ ቤት ስትደርስ እንግዳው ሳስቷል። እናቷ አጠገብ ተቀመጠች። የጥቁር ቀሚሷ እጅጌ በመንገድ ደርቆ ከክርን እስከ አንጓዋ ነጭ የጨው ካርታ ወጥቶበታል።

«ምን ነክቶሽ ነው?» አለች አክስቷ ልታራግፍላት እጇን እየዘረጋች።

«የሱ ውሃ ነው።»

እናትየው ያን ጊዜ እጇን ከጭኗ አነሳች። የአክስትየዋን እጅ ቀስ አድርጋ ገፋችው። ከዚያም የልጇን እጅጌ ከአንጓዋ ጀምራ፣ ጨው እንዳይረግፍባት እየተጠነቀቀች፣ ወደ ውስጥ አንድ አንድ እጥፍ እያደረገች እስከ ክርኗ ጠቀለለችው።