ትንፋሽ ከመጋረጃ ጀርባ

ሳዋኮ የአረንጓዴ ኮት ኮሌታ በካውያ እየተኮሰች ሳለ፣ የኮቱ ባለቤት ሊቀመንበር ኢጋራሺ የልብስ ማጠቢያ ቤቱን በር ከፍቶ ገባና ስለ በረዶ ማውራት ጀመረ። ዘንድሮ ቶሎ መቅለጡን አወራ። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ትወጣለች መባሉን አወራ። ከቶኪዮ የሚመጡት የኤምባሲ እንግዶች በሰላም ባቡር መሳፈራቸውንም ጨመረ። ኦታሩ ከተማ ውስጥ ሥራ በሚበዛበት ጧት መጥቶ ስለ በረዶ የሚያወራ ሰው መጥፎ ወሬ ይዞ እንደመጣ ሕፃን ልጅም ያውቃል። ሳዋኮ ካውያውን ከእጇ አላስቀመጠችም።

"ወይዘሮ ሳዋኮ፣ ዛሬ እርስዎ የሚነፉት የመክፈቻ ዜማ ነገር..." አለና ንግግሩን አንጠልጥሎ ተወው። ጥቂት ቆይቶም፣ "ትንሽ የሚያስቸግር ሆነብን" አላት።

ትንሽ ያስቸግራል ማለት አይሆንም ማለት ነው። ኢጋራሺ ቁርጡን ተናግሮ አያውቅም። የገበያ መንገዱ ነጋዴዎች ማኅበር ሊቀመንበር የሆነውም ዕድሜ ልኩን ዳር ዳር ሲል ኖሮ ነው።

እየቆየ ነገሩ ወጣ። ዛሬ የቅዱስ ፓትሪክ ቀን ነውና ባለጣሪያው የገበያ መንገድ የአየርላንድን በዓል ያከብራል። ቴሌቪዥን ይመጣል። ተመልካች ደግሞ የአየርላንድ ሙዚቃ ሲባል ማየት የሚፈልገው የአየርላንድ ፊት ነው። ስለዚህ ዋሽንት ይዞ መድረክ ላይ የሚቆመው እንግሊዝኛ አስተማሪው ኮርማክ እንዲሆን ማኅበሩ ወስኗል።

"ኮርማክ እኮ ያንን ዜማ አይችለውም" አለች ሳዋኮ። "ገና እያስተማርኩት ነው።"

"እሱንማ አስበንበታል። እርስዎ ከመጋረጃው ጀርባ ሆነው ይነፋሉ፤ እሱ ጣቱን እያንቀሳቀሰ ይቆማል።" ኢጋራሺ ቀና ብሎ አላያትም። "በካቡኪ ቴአትራችንም ሙዚቀኞቹ ከጥቁር መጋረጃ ጀርባ አይደል የሚቀመጡት? ክብር ነው እኮ።"

የሳዋኮ ደም ፈላ። ልጅ ሳለች የቆርቆሮ ዋሽንት ያስያዟት በሴቶች ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ ያስተምሩ የነበሩ አየርላንዳዊት መነኩሴ ናቸው፤ ሲስተር ኢታ። ከክፍል በኋላ ማሞቂያው አጠገብ አስቀምጠው፣ ጣቷ ሲሳሳት በእርሳስ ቸብ እያደረጉ፣ ያገራቸውን ዜማ አንድ በአንድ አስጠኗት። ሳዋኮም በተራዋ ሌሎችን ሰብስባ ከዓሣ መሸጫው ፎቅ ላይ የሐሙስ ማታ የሙዚቃ ቡድን መሠረተች። ፖስታ ቤት የሚሠራው ሰውዬ ቫዮሊን ይጫወታል፤ የጥርስ ሐኪሟ የፍየል ቆዳ ከበሮ ትመታለች። ኮርማክ ራሱ አገሩ ሳለ ከዋሽንት ጋር ትውውቅ አልነበረውም። የአገሩን ዋሽንት የተማረው እዚሁ ጃፓን መጥቶ፣ ከሳዋኮ ነው።

ሲስተር ኢታ ዘንድሮ በረዶው ሳይቀልጥ ዐረፉ። ከእናታቸው የወረሱት፣ ስም የሌለው አንድ ዝግ ያለ ዜማ ነበራቸው። ሳዋኮ ሆስፒታል አልጋቸው አጠገብ ቁጭ ብላ፣ በበዓሉ ቀን ሰው ፊት እነፋልዎታለሁ ብላ ቃል ገብታላቸዋለች። ኢጋራሺ ዜማው ስም የለውም ሲባል ጊዜ ደንግጦ በፕሮግራሙ ላይ "የአየርላንድ ነፍስ" ብሎ አሳተመው። ያን ጊዜም ሆድ ይፍጀው ብላ አልፋዋለች።

"ኮርማክ ይህን ሰምቷል?" አለችው።

"ደስ ብሎት ተስማምቷል።"

"ላስብበት" አለች ሳዋኮ።

ከዚህ የከረረ እምቢታ ከጨዋ ሴት አፍ አይወጣም። ኢጋራሺም ያውቃል። እያወቀ ግን፣ እሺ እንደተባለ ሰው ወገቡ እስኪቀነጠስ ጎንበስ ብሎ አመሰገነና ኮቱን ትኩስ እንዳለ አንጠልጥሎ ወጣ።

ባሏ ሺጌኖሪ ከማሽኖቹ መሃል ብቅ አለ። ሁሉንም ሰምቷል። የመንገዱ ነጋዴ በሙሉ ልብሱን የሚያመጣው ወደ እነሱ ቤት መሆኑን፣ ኢጋራሺም ቂመኛ መሆኑን አስታወሳትና ለአንድ ቀን ብትችለው ምን ይጎዳታል ሲል መከራት።

"ልብሳቸውን አጥባለሁ" አለችው ሽርጧን እየፈታች። "ውሸታቸውን ግን አላጥብም።"

መንገዱ ከዳር እስከ ዳር አረንጓዴ ወረቀት ተንጠልጥሎበታል። ከቅድመ አያት ጀምሮ አረንጓዴ የነበረው የሩዝ ኬክ እንኳ ዛሬ የአየርላንድ ኬክ ተብሏል። በሌላ ቀን ቢሆን ትስቅ ነበር። ዛሬ ግን ጎንበስ ብለው ሰላም ያሏትን ሁሉ ሳታይ አለፈች። ከኢጋራሺ ይበልጥ ያቃጠላት ኮርማክ ነው። በየሐሙሱ ሩዝ ጠቅልላ የምታበላው፣ ጉንፋን ሲይዘው ዝንጅብል የምታፈላለት ልጅ እንዴት ደስ ብሎት ይስማማል?

ከመድረኩ ጀርባ ስታገኘው መጀመሪያ አላወቀችውም። የኮርማክ ፀጉር ጥቁር ነው። ማኅበሩ ግን አየርላንዳዊ ሁሉ ፀጉሩ ቀይ ነው ብሎ ስላመነ ከጆሮ እስከ ጆሮ ቀይ ፂም ለጥፎበታል።

"መምህር" አለ ብድግ ብሎ።

"መምህር አትበለኝ። ደስ ብሎህ ተስማማህ አሉ።"

"እኔ? ፂሙን ያስለጠፍኩት እርስዎ ተስማምተዋል ተብዬ ነው እንጂ።"

"ምን ብዬ ነው የተስማማሁት?"

"ላስብበት ብለዋል ብለው ቅድም ነገሩኝ።"

"ሁለት ዓመት እዚህ ኖረህ፣ ላስብበት ምን ማለት እንደሆነ አታውቅም?"

ኮርማክ የውሸት ፂሙን በእጁ ይዞ ቆመ። ነገሩ ቀስ እያለ ሲገባው ፊቱ ከፂሙ ብሶ ቀላ። "እኔም እኮ ትናንት እምቢ ብያቸዋለሁ" አለ። "ትቆማለህ ወይ ሲሉኝ፣ 'አዎ፣ እንዴታ፣ ምን ገዶኝ!' ነው ያልኳቸው።"

"ይሄ ነው እምቢታህ?"

"እኛ ሰፈር እንደዚያ ሲባል፣ ሞቼ እገኛለሁ ማለት ነው።"

ሳቋ መጣ፤ ንዴቷ ግን አፏ ላይ ያዘው። እሷ እምቢታዋን በጨዋ ደንብ ሸፈነችው፤ እሱ ባገሩ ፌዝ ሸፈነው። ኢጋራሺ ከሁለቱም እምቢታ ለቅሞ ሁለት እሺ አድርጎ ወሰደ። የእሷን እንኳ ሳይገባው ቀርቶ አይደለም። እዚህ ላይ ስትደርስ ንዴቷ ሁሉ ከልጁ ላይ ተነሥቶ ወደ ኢጋራሺ ተመለሰ።

ወዲያው ኢጋራሺ ላቡን እየጠረገ መጣ። ኮርማክ እንዳገሩ ሳይሆን እንደማንም ሰው፣ ጥርት አድርጎ፣ አልቆምም አለው። ኢጋራሺ ፈገግታው ሳይጠፋ መለሰለት። እንግዶቹ ተቀምጠዋል፤ ካሜራው ተተክሏል፤ ካልተፈለገ ግዴለም፣ ዜማው ይቀራል፣ የእሳት አደጋ ሠራተኞቹ ማርሽ ባንድ ይከፍታል። ይህን የተናገረው ለኮርማክ ነው፤ ያየው ግን ሳዋኮን ነው።

እሷ እምቢ ብትል የሚቀረው የኢጋራሺ ፕሮግራም አይደለም። የሚቀረው የሟቿ ዜማ ነው። ኢጋራሺም ይህን አስልቶበታል፤ የክፋቱ ክፋት እዚህ ላይ ነው።

"ከመጋረጃው ጀርባ በየት በኩል ነው የሚገባው?" አለች።

ኮርማክ ለእሷ ሲል መድረኩ ላይ ወጣ። መጋረጃው የብል መከላከያ ካምፎራ ይሸታል። ጫማዋን አውልቃ ምንጣፉ ላይ ተንበረከከችና፣ የመድረክ አስተዋዋቂዋ "የአየርላንድ ነፍስ" ስትል ሰምታ ጥርሷን አፋጨች። ከዚያ ነፋች። ንዴቷ ትንፋሿ ውስጥ አልገባም። ሲስተር ኢታ እንዳስተማሯት ሁለተኛው ክፍል መጨረሻ ላይ ድምፁን ሳትቸኩል አሳረፈችው። ውጭ ሕፃን እንኳ አላለቀሰም። ሲያልቅ ጭብጨባው መንገዱን ሞላው፤ የተጨበጨበው ግን ለቀዩ ፂም ነው።

ከዚያ አንዲት ሴት በጥሩ ጃፓንኛ ስትናገር ሰማች። ከአየርላንድ ኤምባሲ የመጣችው እንግዳ ናት። "ከማን ነው ያገኘኸው?" ብላ ጠየቀች።

አየርላንዳውያን እንዲህ ነው የሚጠይቁት። ዜማ ሲያልቅ፣ ማን ነህ አይሉም፤ ከማን አገኘኸው ይላሉ። ሲስተር ኢታም አዲስ ዜማ ሲያስጠኗት ከጣቷ በፊት ዜማውን የሰጣቸውን ሰው ስም ነበር የሚያስይዟት። ኮርማክ ጉሮሮውን ሲጠርግ ተሰማ። አንድ ቃል ሳይወጣው ግን ማይክሮፎኑ ተንኳኳና የኢጋራሺ ድምፅ መጣ።

"ከሴት አያቱ ነው" አለ እየሳቀ። "ከሴት አያቱ ነው የወረሰው።"

ሳዋኮ ስለ ራሷ ችላ ነበር። ፊቷን ደበቁት፤ ይሁን። ትንፋሿን ለሌላ ሰው ሰጡት፤ እሱም ይሁን። አሁን ግን አፈራቸው ያልደረቀ ሴት በማይክሮፎን ሁለተኛ ተቀበሩ። መጋረጃውን በክንዷ ገፍታ በካልሲዋ ወጣች።

"ውሸት ነው" አለች።

በዚያ መንገድ ሰው ለሰው በአደባባይ ውሸት ነው ሲል የሰማ የለም። የሩዝ ኬክ ሻጩ ዕቃው ላይ ክዳን መግጠሙን አቆመ። ሳዋኮ ለኢጋራሺ ፊቷን አላዞረችም፤ የተናገረችው ለእንግዳዋ ነው።

"ዜማው የሲስተር ኢታ ነው። እሳቸው ከእናታቸው አገኙት፤ እኔ ከእሳቸው። አሁን የነፋሁት እኔ ነኝ። ይህ ልጅ ከእኔ እየተማረ ነው፤ ገና አልጨረሰም።"

እንግዳዋ ከወንበሯ ተነሣች። ሰው በሚያይሽ ቦታ ሆነሽ ትደግሚልን ይሆን ብላ በትሕትና ለመነቻት። ካሜራው ዞረ። ኢጋራሺ ነገሩ በየት እንደዞረ ሲያይ፣ ሌላው ሳይቀድመው ወንበር ጎትቶ ማይክሮፎኑ ፊት አስቀመጠና፣ "ይቀመጡ እንጂ፣ የኛ ኩራት!" እያለ ጎንበስ ጎንበስ አለላት። ከጧት ጀምሮ የከለከላትን ሁሉ አሁን በሁለት እጁ አቀረበላት።

ሳዋኮ ወንበሩን አየችው። የሰው ወርቅ አያደምቅ ይባላል፤ ይህ ሰው ግን ደምቆበት ሊያመሽ ነው። ብትቀመጥለት ነገ ያገኘኋት እኔ ነኝ ብሎ ያወራል። ለሲስተር ኢታ የገባችውን ቃል ደግሞ ሰው ሁሉ በሰማበት፣ ስማቸውንም ጠርታ ፈጽማዋለች። ለኢጋራሺ የገባችው ምንም ቃል የለም።

ዋሽንቷን ለኮርማክ ዘረጋችለት።

"አልችለውም፣ መምህር" አላት በሹክሹክታ። "ያውቃሉ እኮ።"

"አውቃለሁ። በራስህ ትንፋሽ ንፋው።"

ኮርማክ ቀዩን ፂም ላጠውና ኪሱ ከተተው፤ ጉንጩ በሙጫው ተላልጧል። ሳዋኮ ከመድረኩ ወርዳ በፊተኛው ረድፍ አለፈች። ከእንግዳዋ አጠገብ ያለው ወንበር ላይ የኢጋራሺ ስም ተለጥፏል። አላነሣችውም፤ ላዩ ላይ ተቀመጠች። ኢጋራሺ መጥቶ አጠገቧ ቆመ፣ ጉሮሮውን ጠረገ፣ እየቆየ ስለ ብርዱ የሆነ ነገር አለ። እሷ የኮርማክን ጣቶች ታያለች።

ኮርማክ ጀመረ። የመጀመሪያውን ክፍል እንደምንም ተሻገረው። ሁለተኛው ላይ፣ ማረፍ ካለበት ቦታ ቀድሞ ጣቱን አነሣ። ሰዉ አላወቀበትም፤ አንዳንዱ ለማጨብጨብ እጁን አዘጋጀ።

"ከመጀመሪያው" አለችው ሳዋኮ፣ ከሊቀመንበሩ ወንበር ላይ።